ስለ ሎን ፔር ጠይቁኝ፦ ከሰበታ ልጆች የመጡ ጥያቄዎች

ሰበታና ዓለም ገና ያላችሁ የ11ኛና የ12ኛ ክፍል ልጆች የሎን ፔር (ቦንድ ያልሠራ የኤሌክትሮን ጥንድ) አቆጣጠር ግራ እንዳጋባችሁ ነግራችሁኛል። የላካችኋቸውን ጥያቄዎች እነሆ መለስኩ።

ጥያቄ፦ ቲቸር፣ ከየት ነው የምንጀምረው?

መልስ፦ ከቫሌንስ ኤሌክትሮን (የአተሙ የውጨኛ ሼል ኤሌክትሮን) ድምር። ውሃን እንይ። ኦክስጅን 6፣ ሁለቱ ሃይድሮጅኖች አንድ አንድ፤ በጠቅላላ 8። አንድ ቦንድ 2 ኤሌክትሮን ስለሚይዝ ሁለቱ ቦንዶች 4 ወሰዱ፣ 4 ቀረ። ይህ ሁለት ሎን ፔር ነው፣ ሁለቱም ኦክስጅን ላይ። ሃይድሮጅን ላይ ትርፍ ነጥብ እንዳታደርጉ፤ ከ2 በላይ አይዝም።

ጥያቄ፦ ኤችሲኤል (ሃይድሮጅን ክሎራይድ) ስንት ሎን ፔር አለው?

መልስ፦ 3። ሁሉም ክሎሪን ላይ ናቸው።

ጥያቄ፦ ካርቦን ዳይኦክሳይድን እኔ 4 አልኩ፣ ጓደኛዬ 0 አለች። ማን ልክ ነው?

መልስ፦ ጥያቄውን መልሳችሁ አንብቡት። በመሃለኛው አተም ላይ ካለ 0 ነው። በሞለኪውሉ በሙሉ ካለ 4፤ እያንዳንዱ ኦክስጅን 2 አለው። ፈተና ላይ እዚህች ጋ ነጥብ መጣል በጣም ያሳዝነኛል፣ ምክንያቱም ትምህርቱን ታውቁታላችሁ።

ጥያቄ፦ ካርቦን ብቻውን ሲሆን 2ኤስ በሚባለው ኦርቢታል (የኤሌክትሮን መቀመጫ) ላይ ጥንድ አለው። ሚቴን ውስጥ የት ገባ?

መልስ፦ ጎበዝ፣ ይህን የሚጠይቅ ልጅ ገብቶታል ማለት ነው። ካርቦን 4 ቫሌንስ ኤሌክትሮን አለው። ለብቻው ሲሆን ሁለቱ 2ኤስ ላይ ተጣምረው፣ ሁለቱ 2ፒ ላይ ነጠላ ነጠላ ሆነው ይቀመጣሉ። ሚቴን ውስጥ ግን አራቱም ከሃይድሮጅን ጋር ቦንድ ይሠራሉ፤ የሚተርፍ የለም። ስለዚህ የአተሙን ቆጠራ ወደ ሞለኪውሉ አትገልብጡ። ናይትሮጅን 5 አለው፤ አሞኒያ ውስጥ ሦስቱ ቦንድ ሲሠሩ አንድ ጥንድ ይተርፋል። አሞኒየም (ሃይድሮጅን አየን የተጨመረበት አሞኒያ) ላይ ያቺ ጥንድም ቦንድ ትሆንና 0 ይሆናል።

ጥያቄ፦ ሎን ፔር ሲኖር በቦንዶቹ መሃል ያለው አንግል ለምን ይጠባል?

መልስ፦ የቦንድ ጥንድን ሁለት ኒውክሊየስ ይስበዋል። ሎን ፔርን የሚስበው አንድ ብቻ ስለሆነ ሰፋ ብሎ ይቀመጣል፣ ቦንዶቹንም ይገፋል። ሚቴን 109.5፣ አሞኒያ 107፣ ውሃ 104.5 ዲግሪ የሆኑት ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ አባቴ ጤፍ ማሳ ላይ የሚበትነው ዩሪያስ ስንት አለው?

መልስ፦ እንቁጠረው። ካርቦን 4፣ ኦክስጅን 6፣ ሁለት ናይትሮጅን 10፣ አራት ሃይድሮጅን 4፤ ድምር 24። ከኦክስጅን ጋር ያለው ድርብ ቦንድ 4፣ ካርቦንን ከናይትሮጅኖቹ የሚያያይዙት ሁለት ቦንዶች 4፣ የሃይድሮጅኖቹ አራት ቦንዶች 8፤ ድምር 16። የተረፈው 8፣ ማለትም 4 ሎን ፔር። ሁለቱ ኦክስጅን ላይ፣ አንድ አንዱ ደግሞ ናይትሮጅኖቹ ላይ ናቸው።