በር ያጋጨ ሁሉ የተቆጣ አይደለም

ውድ ወጣቶች፣

ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ተዋንያንን በማሠልጠን ነው። ጀማሪ ተዋናይ «ተናደድ» ሲባል ወዲያው ፊቱን ያኮሳትራል። ጥርሱን ይነክሳል። እኔ ፊቱን እንዲተወውና ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ እንዲያስቀምጥ አዘዋለሁ። የተቆጣ ሰው እጅ ጠረጴዛው ጋ እስኪደርስ ፍጥነቱን አይቀንስም፤ ብርጭቆው ይጮኻል። ያዘነ ሰው ግን ክንዱ ይጎተታል። ብርጭቆውን አስቀምጦም ጣቶቹ ቶሎ አይለቁትም።

ይህን ለማንበብ ትምህርት ቤት አልገባንም። ስዊድናዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጉናር ዮሃንሰን በሰው መገጣጠሚያዎች ላይ ትንንሽ መብራቶች አድርጎ በጨለማ ቀረጸ፤ ጥናቱ በ1973 እ.ኤ.አ. ታተመ። ለተመልካች የሚታየው ጥቂት ነጥብ ብቻ ነው። ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ ግን የሚራመድ ሰው መሆኑን ማንም አላጣውም። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች በዚሁ ዘዴ ስሜትን ፈተሹ። በ2001 እ.ኤ.አ. የወጣ አንድ ጥናት መጠጣትንና በር ማንኳኳትን ብቻ አሳየ። ከክንዱ ፍጥነት ጋር በግልጽ የተያያዘው የስሜቱ ግለት ነው። ስሜቱ ደስታ ይሁን ብስጭት መለየቱ ግን ያን ያህል ቀላል አልሆነም።

እኔም መድረክ ላይ ሁሌ የማየው ይህንኑ ነው። ጥድፊያ የስሜቱን ኃይል እንጂ ዓይነቱን አይነግራችሁም። አለቃችሁ በሩን አጋጭቶ ከወጣ ተናዶ ሊሆን ይችላል። ሽንት ቤት አጣድፎትም ሊሆን ይችላል።

«እጁን ያጣመረ ልቡን ዘግቷል፣ ዓይኑን የሰበረ ዋሽቷል» የሚሏችሁን አሠልጣኞች እለፏቸው። ብርድም እጅ ያስጣምራል። «93 በመቶው መልእክት ከቃል ውጭ ነው» የምትለዋም ቁጥር ከቦታዋ ወጥታ ነው የምትዞረው። መነሻዋ የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የሠራቸው ሙከራዎች ናቸው፤ እነሱም ያተኮሩት በመውደድና በመጥላት ስሜት ላይ እንጂ በንግግር ሁሉ ላይ አይደለም።

ይልቅ ሰውን ከራሱ ጋር አወዳድሩት። ሁሌ የሚፈጥን ጓደኛችሁ ዛሬ እግሩን ከጎተተ፣ እሱ ነው ልብ የሚባለው። ያኔም «ለምን አዘንክ?» አትበሉት። «ዛሬ ዝግ ብለሃል፣ ደህና ነህ?» በሉት። ያያችሁትን ብቻ ስትነግሩት ስሜቱን ራሱ ይሰይመዋል፤ ካልፈለገም «እንቅልፍ አጥቼ ነው» ብሎ ያልፋችኋል።