ማጂክ ሠሪ ነኝ፤ መቁረብ እችላለሁ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ጥያቄ፦

መምህር፣ ሰላመ እግዚአብሔር ይብዛልዎ። የ28 ዓመት ወጣት ነኝ። አዲስ አበባ በልደት፣ በሰርግና በትምህርት ቤት በዓላት ላይ ማጂክ እየሠራሁ ነው የምተዳደረው። ጥንቆላ አላውቅም። ሁሉም የእጅ ቅልጥፍና ነው። ሳንቲም እሰውራለሁ፣ ካርታ እቀይራለሁ፣ ገመድ ቆርጬ እቀጥላለሁ። ግን ውስጤ ሰላም የለውም። መድረክ ከመውጣቴ በፊት እጄን ያልበኛል። ሰው ሲያጨበጭብ ደስ አይለኝም፤ «ይኼኔ አንዱ ነቅቶብኛል» እላለሁ። ቤቴ ስገባ ራሴን እንደ ውሸታም ነው የማየው። ለንስሐ አባቴም «የመድረክ ሥራ ነው የምሠራው» ብዬ አልፌዋለሁ።

በቅርቡ ከአንድ ሰርግ በኋላ አንዲት እናት ለብቻዬ ጠሩኝ። ልጃቸው በሊቢያ በኩል ከወጣ ሁለት ዓመት ሆኖታል፤ ድምፁ ጠፍቷል። «ከአንተ የሚሰወር የለምና እስኪ እየው» ብለው 200 ብር እጄ ውስጥ አስጨበጡኝ። ደነገጥኩ። የምሠራው የእጅ ጨዋታ ነው ማለት አፈርኩ። «ደህና ነው፣ ይደውላል» አልኳቸው። አልቅሰው መረቁኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የለኝም።

አንድ ነገር ልጨምር። ቅዳሴ ላይ ካህኑ ኅብስቱን ሲይዙ ዓይኔ ሳላስበው እጃቸው ላይ ይሄዳል። ሙያዬ ስለሆነ እጅ ማየት ለምዶብኛል። ወዲያው እደነግጣለሁ፤ አንገቴን እደፋለሁ። እምነቴ ጠፍቶ ይሆን? በዚህ ሁኔታ ሥጋ ወደሙ መቀበል እችላለሁ?

መልስ፦

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «አንድ ነገር ልጨምር» ብለህ ከመጨረሻ ያስገባሃት ነገር ናት ከሁሉ የከበደችህ። ከእሷ ልጀምር።

ሐዋርያት እንኳ አንዴ አንተ በሥራህ የምትጠራበትን ቃል በጌታ ላይ ተናግረዋል። ሌሊት በባሕር ላይ እየሄደ ሲመጣ አይተው «ምትሀት ነው» ብለው ጮኹ። ማቴዎስ በምዕራፍ 14 ጽፎታል። ጌታ ምን አላቸው? ከጀልባዋ አላወረዳቸውም። «አይዞአችሁ፥ እኔ ነኝ፤ አትፍሩ» አላቸው። ቶማስም ሳላይ አላምንም ሲል «ጣትህን ወደዚህ አምጣና እጆቼን እይ» ብሎታል። እጆቼን እይ! አንተ አንገትህን የምትደፋው እጅ በማየትህ ነው። እርሱ ግን እጁን ዘርግቶ ያሳያል።

አሁን እንደ ባለሙያ አስብ። ሳንቲሙን ስትሰውር የሚለወጠው ምንድን ነው? የእኛ እይታ ብቻ ነው። ሳንቲሙ ያው ሳንቲም ነው፤ በሌላኛው እጅህ መዳፍ ውስጥ ተወሽቋል። በመቅደስ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። ለዓይን የሚለወጥ ነገር የለም። ኅብስቱ ቅድም ዲያቆኑ በቤተልሔም፣ ማለትም የመሥዋዕቱ ኅብስት በሚዘጋጅበት ቤት፣ ከስንዴ ዱቄት የጋገረው ነው። ወይኑ ከዘቢብ ነው። ከጸሎቱ በኋላም ዓይንህ የሚያየው ኅብስትና ወይን ነው። የሚለወጠው ራሱ ነው እንጂ መልኩ አይደለም። ሕዝቡ «አሜን አሜን አሜን ነአምን ወንትአመን» የሚለው ለዚህ ነው። ዓይን የጨረሰው ነገር ቢሆን ኖሮ እናምናለን ማለት ባላስፈለገ። ሊያታልል የፈለገ ሰው ደግሞ ዓይንን ምንም ሳያሳየው አያልፍም፤ ይህን ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ዓይንህ ወደ ካህኑ እጅ ሲሄድ አትደንግጥ፣ ከራስህም ጋር አትታገል። በልብህ «ነአምን» በልና ቅዳሴህን ቀጥል። ይህ ልማድ ነው፤ ክህደት አይደለም።

ወደ ሥራህ ልምጣ። እኛ አገር ቃሉ ራሱ ያስፈራል። «አስማት» በግእዝ «ስሞች» ማለት ነው። የማይታወቁ ስሞችን እየደረደሩ የሚደግሙ ሰዎች ስለነበሩና ስላሉ ቃሉ ለድግምት ዋለ። አንተም ሳንቲም ሰውረህ ስታበቃ ከኋላ «አፍዝ አደንግዝ ይዟል» የሚል አይጠፋም። ኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 18 የሚከለክለው ምዋርተኛን፣ ሞራ ገላጭን፣ መተተኛን፣ ሙታን ሳቢን ነው። ከእግዚአብሔር ውጭ ካለ ኃይል ጋር መዋዋልን ነው። በጥንቱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓትም ለመጠመቅ የሚመጣ ሰው መጀመሪያ ሥራው ይጠየቅ ነበር፤ ጠንቋይና ኮከብ ቆጣሪ ሥራውን ሳይተው አይጠመቅም። አንተ ግን የተዋዋልከው ከጣቶችህ ጋር ነው። ጣቶችህን የፈጠረ እግዚአብሔር ነው። ለወራት መስታወት ፊት ቆመህ አንዲት ሳንቲም ስታንከባልል ያደርከው ልፋት እንደ ክራር ተጫዋች ልፋት ነው። ልጆች አፋቸውን ከፍተው ሲስቁ ማየት ኃጢአት ነው የሚል ቃል እኔ አላገኘሁም።

ታዲያ ኃጢአቱ የት ይጀምራል? ተረፈ ዳንኤልን አንብብ። በባቢሎን ቤል የሚባል ጣዖት ነበር። በየቀኑ ዱቄት፣ 40 በግና ወይን ይቀርብለታል። ሲነጋ ገበታው ባዶ ነው። ንጉሡ ቂሮስ አምላኩ ሕያው ነው ብሎ ያምን ነበር። ዳንኤል ሳቀ። በሩ ከመታተሙ በፊት ንጉሡ ብቻ እያየ ወለሉ ላይ አመድ ነሰነሰ። ጠዋት ማኅተሙ እንዳለ ነው፤ ገበታው ግን ተበልቷል። ንጉሡ በደስታ ጮኸ። ዳንኤልም ወለሉን እይ አለው። የወንድ፣ የሴትና የልጅ እግር ዱካ ነበረበት። 70ዎቹ ካህናት ሌሊት ከነቤተሰባቸው ከገበታው ሥር በተሠራ ስውር በር እየገቡ ይበሉ ነበር።

ያ ስውር በር አንተ መድረክ ላይ ከምትጠቀምበት ሁለት ወለል ካለው ሣጥን ጋር በአሠራሩ ብዙ አይለይም። ያጠፋቸው በሩ አልነበረም። «የበላው አምላክ ነው» ማለታቸው ነው።

አሁን ይህን ፍርሃትህ ላይ አድርገው። እጄን ያልበኛል፣ ይነቃብኛል ትላለህ። አመዱ ከእግርህ ሥር ቢነሰነስ ምን ይታያል? «ይህ የእጅ ጥበብ ነው» ብለህ ለሰው ከተናገርክ የሚታየው የአንድ ለፍቶ አዳሪ ዱካ ነው። ሳንቲሙ ቢወድቅም ሳንቲም ወደቀ ነው፤ ልጆቹ ይስቃሉ፣ አንተም አንስተህ እንደገና ትጀምራለህ። «ከእሱ የሚሰወር የለም» ሲሉህ ዝም ካልክ ግን ሳንቲሙ ሲወድቅ አንተም አብረህ ትወድቃለህ። የሚያስጨንቅህ ይህ ይመስለኛል። በሐዋርያት ሥራ የተጻፈውን ጠንቋይ፣ ሲሞን መሠርይን፣ ሰዎች «ታላቁ የእግዚአብሔር ኃይል ይህ ነው» ይሉት ነበር፤ እሱም ታላቅ ነኝ ባይ ነበር። በኋላ ተጠምቆ እንኳ ያቺ ታላቅነት አልለቀቀችውም። የሐዋርያትን ሥልጣን በገንዘብ ልግዛ አለ። አንተ ሲሞን ነህ አላልኩህም። ሲሞን እንቅልፍ አጥቶ ለመምህር ደብዳቤ አልጻፈም። ግን ጭብጨባው ደስ ካላለህ፣ የሚጨበጨበው ለአንተ ሳይሆን ሰዎቹ ነህ ለሚሉት ለሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ዳዊት በመዝሙር 138 «አቤቱ፥ መረመርኸኝ፥ አወቅኸኝም» ይላል። በእግዚአብሔር ዘንድ መጋረጃና የመድረክ ጀርባ የለም። ቤትህ ገብተህ ብቻህን የምትቀመጠውን ሰው ድሮም ያውቀዋል፤ አውቆም ነው የሚወደው።

ከሙያህ ሰዎች ሁለቱን ላንሳልህ። እ.ኤ.አ. በ1856 የፈረንሳይ መንግሥት ሮበር ሁደን የሚባል ማጂሽያን ወደ አልጄሪያ ላከ። ሰውየው ትንሽ ሣጥን ነበረችው። ከሥሯ የተደበቀ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማግኔት አለ። አንድ ብርቱ ሰው እንዲያነሳት ጋበዘ፤ ሰውየው አነሳት። «አሁን ጉልበትህን ወስጄዋለሁ» አለውና ማግኔቱ ሣጥኗን እንዲይዝ ኤሌክትሪኩ ተለቀቀ። ያ ብርቱ ሰው ታግሎ ታግሎ አቃተው። የተፈለገው ሕዝቡ ፈረንሳዮች የበለጠ ኃይል አላቸው ብሎ እንዲፈራ ነበር። ይህን ሳነብ ልቤ አዘነ። ያው ሣጥን አንድ ልደት ላይ ቢሆን ልጆች በሳቅ ይፈርሱበት ነበር። እዚያ ግን ሰውን በገዛ አገሩ ማስፈራሪያ ሆነ።

ሁለተኛው ስሙን ከዚህ ሰው የወሰደው ሃሪ ሁዲኒ ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 ቡዳፔስት ተወልዶ አሜሪካ ያደገ የአይሁድ ረቢ ልጅ ነው። ከሰንሰለትና ከተቆለፈ ሣጥን እያመለጠ ዓለምን አስደነቀ። በ1913 እናቱ ሞቱ፤ ልቡ ተሰበረ። በ1922 የሼርሎክ ሆምስ ደራሲ አርተር ኮናን ዶይልና ባለቤቱ አትላንቲክ ሲቲ ላይ ከሙታን ጋር እናገናኝሃለን ብለው አስቀመጡት። ሴትዮዋ የሙታንን መልእክት እቀበላለሁ ትል ነበር። ከእናትህ ነው ብላ ገጽ በገጽ ጻፈችለት። ሁዲኒ ሊያምን ፈልጎ ነበር የተቀመጠው። ነገር ግን ወረቀቱ አናት ላይ መስቀል ተስሏል፤ ጽሑፉም በእንግሊዝኛ ነው። እናቱ የረቢ ሚስት ነበሩ። እንግሊዝኛም እምብዛም አያውቁም ነበር።

ወረቀቱን ይዞ የተቀመጠውን ልጅ አስበው። ሴትዮዋ ልታጽናናው እንጂ ልትጎዳው አልፈለገች ይሆናል። አንተም እኒያን እናት ልታጽናና ነው የፈለግከው። ሁዲኒ ግን ከዚያ በኋላ መናፍስት እንጠራለን የሚሉትን ማጋለጥ ሥራው አደረገው። በሞተበት በ1926 ዓመት የአሜሪካ ምክር ቤት ፊት ቀርቦ በዋሽንግተን ጠንቋዮች እንዲቀጡ የቀረበውን ሕግ ደግፎ መሰከረ። ዶይል ሁዲኒ ራሱ የመንፈስ ኃይል አለው ብሎ ያምን ነበር። ሁዲኒ የለኝም አለ። ሰዎች ኃይል ሲሰጡት «የለኝም» ለማለት አላፈረም። እንዲህ ያለውን ሰው የእኛን ሃይማኖት ባይዝም አከብረዋለሁ።

ወንድሜ፣ የበደልከው መድረክ ላይ አይደለም። ከመድረክ ከወረድክ በኋላ ነው። «ደህና ነው፣ ይደውላል» ባልክበት ቅጽበት የማታውቀውን ነገር እንደሚያውቅ ተናገርክ። ገንዘብም ተቀበልክ። ይህ የጠንቋይ ሥራ ነው። ጠንቋይ ለመሆን ስላልተነሳህ ቀላል ነው ብዬ ልሸነግልህ አልፈልግም። እኒያ እናት ስልካቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። ስልክ በጮኸ ቁጥር ልባቸው ይዘላል። ባልጮኸ ቁጥር ደግሞ የአንተን ቃል ያስባሉ። እንቅልፍ ያሳጣህ ኅሊናህ ነው። በሕይወት ስላለ እግዚአብሔርን አመስግን።

መቁረብን በተመለከተ፣ ያንን የሚወስኑት የንስሐ አባትህ ናቸው፤ እኔ በጽሑፍ አልፈታህም። ለእሳቸው ግን «የመድረክ ሥራ» አትበላቸው። ሳንቲምህን ይዘህ ሂድና እፊታቸው ሥራው። እንዴት እንደሰወርከውም አሳያቸው። ምስጢሩን ለሌላው ተመልካች መግለጥ ግዴታህ አይደለም፤ ለእሳቸው ግን ምንህም አይሰወር። ከዚያ የእናቲቱን ነገር ተናዘዝ። ቀኖና ይሰጡሃል፣ መቼ እንደምትቀበልም ይነግሩሃል።

ሥራህን ቀጥል። ስትጀምር በአንድ ዐረፍተ ነገር «የማሳያችሁ የእጅ ጥበብ ነው፤ ሌላ ኃይል የለበትም» በል። ጨዋታውን ያበላሽብኛል ብለህ አትስጋ። ሰው እንደሚሸወድ እያወቀ ሲሸወድ ይበልጥ ይስቃል። «ሐሳብህን አነባለሁ፣ ዕድልህን አያለሁ» የሚመስለውን ትርኢት ግን ተወው። ሌላ አገር ጨዋታ ሊሆን ይችላል። እኛ ዘንድ ልጁ የጠፋበት፣ መሐንነት ያስጨነቀው፣ በሽታ የጣለው ሰው ከተመልካቹ መካከል ተቀምጧል፤ እሱ እንደ ጨዋታ አይሰማውም። መስቀል፣ ጠበልና መቁጠሪያም ለትርኢት አይነኩም። ይህን ብዙ ማብራራት አያስፈልገኝም።

እኒያን እናት ደግሞ ፈልጋቸው። ሙሽሮቹን ብትጠይቅ ቤታቸውን ያሳዩሃል። በስልክ አይሆንም፤ የአንተን ቁጥር ሲያዩ ስለ ልጃቸው የምትነግራቸው ነገር ያለ ይመስላቸዋል። ሂድና ጫማህን አውልቀህ ግባ። 200 ብሩን መልስ። «እማዬ፣ እኔ ምንም አላየሁም። የማውቀው ሳንቲም መሰወር ብቻ ነው። ያን ቀን አፍሬ ዋሸሁዎት» በላቸው። ሊቆጡ ይችላሉ፤ ሊያለቅሱም ይችላሉ። ቁጭ ብለህ ስማቸው። ቀይ መስቀል ቤተሰቦቻቸው ለተጠፋፉ ሰዎች የማፈላለግ አገልግሎት አለው። ካላወቁት ይዘሃቸው ሂድ፤ ተራ መጠበቁን፣ ፎርም መሙላቱን አንተ አግዛቸው። ስትወጣ የልጃቸውን የክርስትና ስም ጠይቃቸውና ለካህኑ ስጥ። ለእኔም ላክልኝ፣ በጸሎት አስበዋለሁ።