ጠገራና የምኒልክ ብር ስንት ያወጣሉ? ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ ከአያቴ ሣጥን ሦስት ጠገራ ወጣ። ሁሉም ላይ 1780 ይላል። ይህን ያህል ካረጁ ውድ አይሆኑም?

መልስ፦ 1780 ዕድሜውን አይነግርህም። በጠገራው ላይ ያለችው የኦስትሪያ ገዥ ማሪያ ቴሬዛ በዚያ ዓመት ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ በቪየና፣ በሮም፣ በለንደን፣ በፓሪስ፣ በቦምቤይ ሳይቀር የተመታው ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ወጣ። ስለዚህ አብዛኛው ጠገራ የሚሸጠው በሚዛን ነው። ሙሉው 28.07 ግራም ይመዝናል፤ ከ1000 እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው (ማዕድኑን ማለቴ ነው፣ ገንዘቡን አይደለም)፤ ይህም 23.39 ግራም ይሆናል። ይህን በዕለቱ የአንድ ግራም ንጹሕ ብር ዋጋ አባዛው፤ ወለሉ እሱ ነው። የዓለም ገበያ በወቄት (በትሮይ አውንስ) ከነገረህ ለ31.1 አካፍል፤ በተራው አውንስ፣ በ28.35 የሚያካፍሉ ሰዎች የግራሙን ዋጋ ሳያውቁት ከፍ ያደርጉታል።

ጥያቄ፦ ማግኔት አልሳበውም፤ እውነተኛ ነው ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መዳብም፣ ነሐስም፣ እርሳስም በማግኔት አይሳቡም። ማግኔት የሚያጋልጠው ብረት ያለበትን ብቻ ነው። የተሻለው የውኃ ፈተና ነው። 0.01 ግራም የሚለይ ሚዛን ላይ ውኃ ያለበት ብርጭቆ አስቀምጥና ዜሮ አድርገው። ጠገራውን በቀጭን ክር አስረህ ሙሉ በሙሉ አጥልቀው፤ ታችም ጎንም እንዳይነካ። ሚዛኑ 2.75 ገደማ ማንበብ አለበት፤ 28.07 ለ2.75 ሲካፈል 10.2 ይመጣል፤ ይህ እፍግታው ነው። እፍግታው ከ9.5 በታች ከወረደ ነሐስ ወይም መዳብ ነው ብለህ ጠርጥር፤ 11 ከደረሰ እርሳስ አለበት። ብዙ ጊዜ ውጤቱን የሚያበላሸው በፊቱ ላይ የሚጣበቅ የአየር አረፋ ነው፤ የሚዛኑን ንባብ ከፍ አድርጎ እፍግታውን ያወርደዋል። ውኃው ላይ ጠብታ ሳሙና ጨምርና ደግመህ መዝን።

እፍግታው ቢሰምርም ጠርዙን አትለፈው። የእውነተኛው ጠርዝ ላይ የላቲን ጽሑፍና ጌጥ ጎልቶ ይነበባል። ፊደሉ ወደ ውስጥ የሰረጎደ ወይም በጠርዙ ዙሪያ የቅርጽ መጋጠሚያ መስመር ያለው በቅርጽ የፈሰሰ ሐሰተኛ ነው።

ጥያቄ፦ የእናቴ የአንገት ጌጥ ላይ ያሉት ጠገራዎች ጆሮ (ማንጠልጠያ) የተበየደላቸው ናቸው። ጆሮውን ላስነቅለው?

መልስ፦ ተይው፤ ሲነቀል ጠባሳው ይብሳል፣ እሳቱም ፊቱን ያጠቁረዋል። የተበሳና የተበየደ ጠገራ ለሰብሳቢ ዋጋ የለውም ማለት ይቻላል፤ በውስጡ ባለው የብር ማዕድን ይተመናል። ጆሮውና ብየዳው የጠገራው ብር ስላልሆኑ ክብደታቸው እንዲቀነስ ጠብቂ። ጌጡ ሙሉ ከሆነ ግን እንዳለ መሸጥ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የምኒልክ ብርስ?

መልስ፦ የእሱ ነገር ሌላ ነው። የፓሪሱ ምት ሲሆን ንጥሩ (ከ1000 እጅ ንጹሕ ብሩ) 835 ነው፤ ሙሉው 28.07፣ አላዱ (ግማሹ) 14.04፣ ሩቡ 7.02 ግራም። ዓመቱ በግዕዝ ቁጥር ነው፤ ፲፰፻፹፯ 1887 ዓ.ም ማለት ነው። እዚህ ላይ ዋጋውን የሚወስነው የአንበሳው ጋማ እና የንጉሡ ዘውድ ዝርዝር ምን ያህል እንደቀረ ነው። ለአንጥረኛ ማቅለጫ መስጠት ኪሳራ ነው።

ጥያቄ፦ የ1936ቱ ሽልንግ (ሃምሳ ሳንቲም)?

መልስ፦ 7.03 ግራም፤ ንጥሩ 800 ወይም 700 ስለሆነ በ700 አስላ። የ1969ኙ ብር የለበትም።

ጥያቄ፦ ጥቁር ሆኗል፤ በሎሚና በአመድ ልሸው?

መልስ፦ በፍጹም! አመዱ ይጭራል፣ ሎሚው ይበላል፤ በማጉያ ሲታይ ጭረቱ ወዲያው ይታወቃል። ለብ ባለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና አለቅልቀህ በጨርቅ ጫን ጫን አድርገህ አድርቀው፤ አትፈትገው። ጥቁረቱ የሰልፈር ነው፤ የጣና ዳር እርጥብ አየር ያፋጥነዋል። በላስቲክ አትጠቅልለው፣ እያንዳንዱን ለየብቻ በደረቅ ወረቀት አስቀምጠው።

ጥያቄ፦ ዘጌ ውስጥ ከቡና ሥር ሲቆፈር አንድ እፍኝ ወጣ።

መልስ፦ አትጠበው፣ አትከፋፍለው። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ ለቅርስ ባለሥልጣን ይነገራል፤ ያለ ፈቃድም ከአገር አይወጣም። የተገኘበትን ጥልቀት ለክታችሁ፣ ከነአፈሩ ፎቶ አንሡ፤ በክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በኩል አስታውቁ።