ኦርጋኑ አይነቃነቅም፦ ስለ ቧንቧ ኦርጋን ቅጂዎች ጥያቄና መልስ

(ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

ጥያቄ፦ ከኦርኬስትራ ጋር የተቀዳ የቧንቧ ኦርጋን ሙዚቃ መስማት ልጀምር ነው። ከየትኛው ልነሳ?

መልስ፦ ከፈረንሳዊው አቀናባሪ ካሚል ሴን-ሳንስ ሦስተኛ ሲምፎኒ (1886) ይነሱ። ኦርጋኑ እዚያ ሁለት መልክ አለው። በቀስታው አዳጆ ላይ ከቫዮሊኖቹ ሥር ገብቶ ሳይታወቅ ወለሉን ይይዛል፤ በመጨረሻው ክፍል ደግሞ በሲ (C) ሜጀር ኮርድ (አንድ ላይ በሚሰሙ ኖታዎች) ድንገት ያገሳል። ብዙ ሰው ሲምፎኒውን የሚወደው ለዚያ ግሳት ነው፤ ድምፅ ቀጂው የሚፈተነው ግን በአዳጆው ነው። ከፍተኛ ኮርድ በመጥፎ ቅጂም ያስደነግጣል፤ ለስላሳው ፔዳል (በእግር የሚጫወተው ዝቅተኛ ድምፅ) ግን ወይ ክፍሉን ይሞላዋል ወይ ጨርሶ የለም።

ሁለት ቅጂዎችን ጎን ለጎን ያድምጡ። በ1959 የኦርኬስትራ መሪው ሻርል ሙንሽ ከቦስተን ሲምፎኒ ጋር ሲቀዳ ኦርጋኒስቱ ቤርጅ ዛምኮቺያን የተጫወተው እዚያው አዳራሽ ውስጥ ባለው ኦርጋን ነው። በ1970ዎቹ አጋማሽ በወጣው የዳንኤል ባረንቦይም ቅጂ ግን ኦርኬስትራው ቺካጎ ነው፤ ኦርጋኑን ጋስቶን ሊተዝ ፈረንሳይ፣ ሻርትር ካቴድራል ውስጥ ተጫውቶት ኋላ ተደባልቋል። ኮርዶቹ የሚቆሙበትን ቦታ ልብ ይበሉ። ኦርጋን የሚያስተጋባው በራሱ ቤት ነውና ሁለት ቤት ካለ ሁለት ዓይነት የድምፅ ጅራት አለ። ምርጫ ከተባለ የቦስተኑ ይሻላል።

ቀጥሎ የፍራንሲስ ፑላንክ ኮንቼርቶ። ከኦርጋኑ ሌላ ባለ አውታር መሣሪያዎችና ቲምፓኒ (ትልልቅ ከበሮዎች) ብቻ ናቸው ያሉት፤ የነፊዎቹን ቦታ ኦርጋኑ ራሱ ይዞታል። ሬጂስተሮቹን (የድምፁን ዓይነት የሚሰጡትን የቧንቧ ረድፎች) በመምረጥ ፑላንክን ያገዘው ኦርጋኒስቱ ሞሪስ ዱሩፍሌ በ1939 መጀመሪያ ለሕዝብ ተጫወተው፤ በ1961 ደግሞ ከመሪው ዦርዥ ፕሬትር ጋር ቀዳው። ሬጂስተሩን የመረጠው ሰው ራሱ የተጫወተበት ቅጂ ስለሆነ እንደ መለኪያ ይያዝ።

ጥያቄ፦ የአልቢኖኒ አዳጆ ለአውታሮችና ለኦርጋን የሚባለው የባሮክ ዘመን ነው?

መልስ፦ አይደለም። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የነበረው ጣሊያናዊ የሙዚቃ ተመራማሪ ሬሞ ጃዞቶ ያቀናበረው ነው፤ የታተመውም በ1958 ነው።

ጥያቄ፦ ቤቴ ውስጥ የፔዳሉ ድምፅ ጨርሶ አይሰማኝም። ችግሩ ከቅጂው ነው ከስፒከሬ?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ከስፒከሩ። የ8 ጫማ ሬጂስተር (ጫማው የረጅሙ ቧንቧ ርዝመት ያህል ነው) ዝቅተኛው ሲ 65 ኸርዝ ገደማ ነው፤ የ16 ጫማው 33፣ የ32 ጫማው 16። የመጨረሻው ከጆሮ ወሰን በታች ስለሆነ የሚታወቀው ይበልጥ በሰውነት ነው። ትንሽ የመደርደሪያ ስፒከር ከ60 ወይም ከ70 ኸርዝ በታች ይደክማል። ያኔ የሚሰማዎት ከመሠረቱ በላይ ያሉት ተደራራቢ ድምፆች ናቸው፤ መሠረቱን አእምሮ ራሱ ይሞላዋል። ዜማው የሚገባዎት፣ ክብደቱ ግን የጠፋው ለዚህ ነው።

ለመፈተሽ የሪቻርድ ሽትራውስን «ዛራቱስትራ» (1896) መክፈቻ ያጫውቱ። ከመለከቶቹ በፊት ኦርጋኑ ዝቅተኛውን ሲ ይዞ ይቆያል። እዚያ ላይ ዝምታ ብቻ ከሰሙ ስፒከሩ አይደርስበትም ማለት ነው። የቤዝ ቁልፍ ማዞር መፍትሔ አይደለም፤ ያ ቁልፍ በአብዛኛው የሚያነሳው ከ80 እስከ 100 ኸርዝ ያለውን ነው፤ ፔዳሉን ሳያመጣ ሴሎዎቹን ያደፈርሳል። ሰብዉፈር (ዝቅተኛውን ድምፅ ብቻ የሚያወጣ ስፒከር) ይሻላል። የግድግዳ ማዕዘን ቤዙን ያበዛል፤ ከበዛ ትንሽ ይሳቡት።

ጥያቄ፦ ኦርጋንና ትራምፔት ልንቀዳ ነው። ጥሩ ማይክ ሁለት ብቻ ነው ያለን። የት ይቁሙ?

መልስ፦ ሁለት ይበቃሉ። ከሁሉም አቅጣጫ የሚቀበል ዓይነት ቢሆኑ ይመረጣል፤ በአንድ አቅጣጫ የሚቀበል ማይክ ከርቀት ሲሆን የፔዳሉን ሥር ይቀንሰዋል። በ50 ሴንቲ ሜትር አራርቃችሁ ከ3 እስከ 4 ሜትር ከፍታ ስቀሏቸው። ርቀቱን በሜትር ሳይሆን በጆሮ ፈልጉት። ኦርጋኒስቱ ፈጣን ነገር ይጫወት፣ አንድ ሰው ከቧንቧዎቹ ፊት እየራቀ ይሂድ። ቧንቧዎቹ ተቀላቅለው አንድ መሣሪያ የሆኑበት፣ የግራ እጁ ኖታዎች ግን ገና ያልተጨፈለቁበት ቦታ ነው ልኩ። ብዙውን ጊዜ ከ6 እስከ 10 ሜትር ውስጥ ይገኛል። ማይክ ወደ ቧንቧ አታስጠጉ፤ የቀረበው ቧንቧ ይጮኻል፣ ሌላው ይጠፋል።

ትራምፔቱ ከማይኩ ሁለት ሜትር ላይ ከቆመ አንዱ እዚህ፣ ሌላው ማዶ የሆነ ቅጂ ይወጣል። ወደ ኦርጋኑ ጠጋ ብሎ ይቁም፤ የመሣሪያውን አፍ ከማይኮቹ ትንሽ ዘወር ያድርግ። ኋላ ሦስተኛ ማይክ ካገኛችሁና ለትራምፔቱ ብቻ ካቆማችሁት፣ ሲደባለቅ በየሜትሩ 3 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አዘግዩት። ከዋናዎቹ 7 ሜትር የሚቀድም ከሆነ 20 ሚሊ ሰከንድ መሆኑ ነው። ይህ ካልተደረገ ትራምፔቱ ከራሱ ማስተጋባት ተነጥሎ ይሰማል።

የድምፅ መጠኑን በትራምፔት አትለኩ። ኦርጋኒስቱ ሁሉንም ሬጂስተር ከፍቶ ዝቅተኛ ፔዳል ያለበት ኮርድ ይያዝ፤ ከፍተኛው ጫፍ ከዜሮ (ከመቅጃው ወሰን) በታች ከ10 እስከ 12 ዲሲቤል ላይ ይሁን፤ ከዚያ በኋላ ቁልፉን ማንም አይንካ። በ24 ቢት ቅዱ። ቤዝ የሚቆርጠው ማጣሪያ፣ ራሱን የሚያስተካክለው መጠንና ሊሚተር (ከፍተኛውን ድምፅ የሚገድበው) ሁሉም ይጥፉ።

የድሮው ወናፍ ሥራ ዛሬ የሞተር ነው፤ ሞተሩም ያጉረመርማል። እየሠራ ሳለ ማንም ሳይንቀሳቀስ አንድ ደቂቃ ዝምታ ቅዱ። በክፍሎቹ መካከል ባዶ ፋይል ከገባ ጉርምርምታው በድንገት ሲቋረጥ ይሰማልና ክፍተቱን በዚያ ዝምታ ትሞሉታላችሁ። ስህተት ሲታረምም ከስህተቱ ቦታ አትነሱ፤ ሦስት አራት ሚዠር ወደኋላ መልሱ። አለዚያ በመገጣጠሚያው ላይ የቀድሞው ኮርድ ጅራት ይጎድላል፤ ማንም ጆሮ ያን ቀዳዳ ያገኘዋል። መጨረሻ ላይ ደግሞ ገጽ ማጠፍም ሆነ ከወንበር መነሳት የሚፈቀደው ድምፁ ጨርሶ ሲሞት ነው።

ጥያቄ፦ ከላይ የጠየቅኩት ነኝ። ጠዋት ተስማምተን ጀምረን ከሰዓት በኋላ ትራምፔቱና ኦርጋኑ ተለያዩ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ የሙቀቱ። አየር ሲሞቅ ድምፅ በፍጥነት ይጓዛል፤ የተለመዱት የፉጨት ዓይነት ቧንቧዎች በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ የግማሽ ቶንን 3 መቶኛ ያህል ይወጣሉ። በ18 ዲግሪ የመቃኛው ኖታ ኤ (A) 440 ኸርዝ ላይ የተቃኘ ኦርጋን በ24 ዲግሪ 444.5 ገደማ ላይ ይገኛል። የባሰው ነገር፣ ምላስ ያላቸው ቧንቧዎች (ድምፃቸው ከሚንቀጠቀጥ ቀጭን ብረት የሚወጣ) ያን ያህል አብረው አለመውጣታቸው ነው፤ ስለዚህ ኦርጋኑ ከራሱም ጋር ይጣላል። ማሞቂያውም መብራቱም ከሰዓታት በፊት በርቶ ሙቀቱ አንድ ቦታ ይርጋ፤ ምላስ ያላቸው ሬጂስተሮች ከዚያ በኋላ በዋናዎቹ ልክ ይቃኙ። ኦርኬስትራም ቢሆን የመቃኛውን ኤ የሚቀበለው ከኦቦ ሳይሆን ከኦርጋን ነው። ሺህ ቧንቧ ከሚቃኝ አንድ ትራምፔት ቢስተካከል ይቀላል። ብዙ የሰሜን ጀርመን የባሮክ ኦርጋኖች ደግሞ ከ440 በግማሽ ቶን ያህል ስለሚበልጡ ኖታው አስቀድሞ ወደ ሌላ ከፍታ መዘዋወር አለበት።

ጥያቄ፦ በአንዳንድ ቅጂዎች ኦርጋኑ ሁልጊዜ ከኦርኬስትራው ወደኋላ የሚጎተት ይመስላል። ለምን?

መልስ፦ ርቀት ነው። ኦርጋኑ 30 ሜትር ማዶ ካለ ድምፁ የኦርኬስትራው መሪ ጋ የሚደርሰው ከ87 ሚሊ ሰከንድ በኋላ ነው። በደቂቃ 120 ምት ባለው ፍጥነት የምቱ ሩብ 125 ሚሊ ሰከንድ ስለሆነ መዘግየቱ ትንሽ አይደለም። ኦርጋኒስቱ ጆሮውን ካመነ ይጎተታል፤ በካሜራ የመሪውን እጅ አይቶ ከሚሰማው ቀድሞ መጫወት አለበት። ካሜራው ባለ ገመድ ይሁን፤ ገመድ አልባው የራሱን መዘግየት ይጨምራል። ደረሰ አልደረሰ የሚፈረደው በመሪው ጆሮ ሳይሆን በዋናው ማይክ ነው።

ይህ ሁሉ ጣጣ የማይነካቸው ሙዚቃዎች አሉ። የሄንድል ኦፐስ 4 ኮንቼርቶዎች (1738) ፔዳል ለሌለው ትንሽ ኦርጋን የተመቹ ናቸው፤ የሞዛርት 17 የቤተ ክርስቲያን ሶናታዎችም በአብዛኛው ለሁለት ቫዮሊን፣ ለባስና ለኦርጋን ናቸው። ትንሹ ኦርጋን ከተጫዋቾቹ መሃል ይቀመጣል፤ ምቱም እንደ ቢላ ይቆርጣል።

ጥያቄ፦ ብቻውን የሚጫወት ኦርጋኒስትስ? ለዮሐን ሰባስቲያን ባህ ሥራዎች ማንን ልስማ?

መልስ፦ ሄልሙት ቫልኻን። ዓይነ ስውር ነበር፤ የባህን የኦርጋን ሥራዎች ሁለት ጊዜ ቀድቷል፣ ሁለተኛው ስቴሪዮ ነው። የአልክማር (ኔዘርላንድ) ኦርጋን ላይ የቀዳውን ይፈልጉ፤ ድምፆቹ አንዱ ከሌላው ተነጥለው ይሰማሉ። ማሪ-ክሌር አላን እነዚያኑ የባህ ሥራዎች ሦስት ጊዜ ቀድታለች፤ ከትራምፔት ተጫዋቹ ሞሪስ አንድሬ ጋር የቀዳችው ትራምፔትና ኦርጋንም አለ፣ ከላይ ለጠየቁት ትምህርት ይሆናቸዋል።

የአቀናባሪ ጆሮ ለሚፈልግ፦ ቪዶር በ88 ዓመቱ፣ በ1932፣ ቶካታውን (ታዋቂውን ፈጣን የኦርጋን ሥራውን) በፓሪሱ ሳን-ሱልፒስ ቤተ ክርስቲያን ቀድቷል። ሸክላው ይንጫጫል፤ ፍጥነቱ ግን ዛሬ ከሚሮጡት ብዙዎቹ የዘገየ ነው፤ በዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ኖታዎቹ የሚለዩትም በዚያ ፍጥነት ነው። መሲያንም የራሱን ሥራዎች በ1956 ራሱ በሚያገለግልበት በፓሪሱ ትሪኒቴ ቤተ ክርስቲያን ቀድቷል።

ጥያቄ፦ ኤምፒ3 ለኦርጋን ይበቃል?

መልስ፦ 128 ኪሎቢት አይበቃም። መጀመሪያ የሚበላሹት የላይኞቹ ቀጫጭን ቧንቧዎችና የማስተጋባቱ ጅራት ናቸው፤ ውኃ ውስጥ እንዳለ ይንቦጫረቃሉ። በ320 ልዩነቱን መለየት ይከብዳል።