የተርሚናሉ ጽሑፍ ለምን በራሱ ላይ ይደረባል?

ጥያቄ፦ ኡቡንቱ ላይ የባሽ (ተርሚናል ውስጥ ትእዛዝ የሚቀበለው ፕሮግራም) ፕሮምፕቴን፣ ማለትም ከምጽፈው ትእዛዝ በፊት የሚታየውን ጽሑፍ፣ ጣናን እንዲመስል ሰማያዊ አደረግሁት። አሁን ግን ረዘም ያለ ትእዛዝ ስጽፍ ጽሑፉ ወደ ታች በመውረድ ፈንታ ተመልሶ የመስመሩን መጀመሪያ ይሸፍነዋል። ምን አጥፍቼ ነው? (አንባቢ፣ ባሕር ዳር፣ ፖሊ አካባቢ)

መልስ፦ ጥፋቱ ከቀለሙ ሳይሆን የቀለሙን ኮድ መክበብ ካለበት ቅንፍ ነው። የቀለም ኮድ ስክሪን ላይ አይታይም፤ ባሽ ግን ካልነገሩት እንደሚታይ ፊደል ይቆጥረዋል። በዚህ የተነሣ የመስመሩን ርዝመት ይስታል፣ ጠቋሚው የት እንዳለም ይጠፋበታል።

የባሽ ቅንብር የተጻፈበትን የባሽ አርሲ (.bashrc) ፋይልዎን ቅጂ ያስቀምጡ። ከዚያ የፕሮምፕቱን መልክ በሚወስነው ፒኤስ1 (PS1) በሚለው መስመር ላይ እያንዳንዱን የቀለም ኮድ ከፊቱ በ \[ ከኋላው በ \] ይክበቡት። የተጠቃሚውን ስምና የፎልደሩን አድራሻ ግን ቅንፉ ውስጥ አያስገቡ፤ የሚታየውን ጽሑፍ ባሽ እንዳልታየ ቆጥሮ ስሌቱ በተቃራኒው ይዛባል። ቀለሙን የሚያጠፋው የ0 ኮድም መጨረሻ ላይ በቅንፍ ይግባ። እሱ ከተረሳ የሚጽፉት ትእዛዝ ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል። ለውጡን ለማየት አዲስ ተርሚናል ይክፈቱ።

አድራሻው ረዝሞ መስመሩን የሚያጣብብ ከሆነ እዚያው መስመር ላይ ያለችውን ትንሿን ደብልዩ (\w) በትልቋ (\W) ይተኩ፤ ያሉበት ፎልደር ስም ብቻ ይቀራል። ፕሮምፕቱ ውስጥ ሰዓት ወይም የጊት (የኮድ ለውጥ መከታተያው) ቅርንጫፍ ስም የሚያመጣ ትእዛዝ ካስገቡ ደግሞ ነጠላ ጥቅስ ይጠቀሙ። በድርብ ጥቅስ ከሆነ ትእዛዙ ፋይሉ ሲነበብ አንዴ ብቻ ይሠራና ውጤቱ እንደዚያው ደርቆ ይቀራል።

ሰማያዊውን በተመለከተ፣ የሰማያዊ ኮድ የሆነው 34 ቁጥር በጥቁር መደብ ላይ ለዓይን ይከብዳል፤ የሲያን (አረንጓዴ የቀላቀለ ሰማያዊ) ኮድ የሆነው 36 ይሻላል። ጣናም ቢሆን በክረምት ደለል ሲገባበት ቡናማ ነው።