የማይክሮስኮፑ 100 ሌንስ ለምን ይጨልምብኛል?

ጥያቄ፦ ለገጣፎ አካባቢ ለልምምድ የወጣሁ የላብራቶሪ ተማሪ ነኝ። የወባ ስላይድ (ደም የተቀባበት መስታወት) 10 እና 40 እጥፍ በሚያጎሉት ሌንሶች ጥሩ ይታየኛል። 100ውን ሳዞር ግን ጭጋግ ብቻ ነው። ማይክሮስኮፑ ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አይዞሽ እህቴ፣ ብልሽት አይመስለኝም። መጀመሪያ፣ ዘይት ጠብ አድርገሻል ወይ? 100ው ያለ ኢመርሽን ኦይል (በስላይዱና በሌንሱ መካከል የሚደረግ ዘይት) አይሠራም። ብርሃኑ ከመስታወቱ ወጥቶ አየር ሲያገኝ ይታጠፍና ብዙው ሌንሱ ውስጥ ሳይገባ ይቀራል። ዘይቱ ብርሃን የሚያጥፍበት መጠን 1.515 ገደማ ነው። ከስላይዱ መስታወት ጋር እኩል ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ብርሃኑ ቀጥ ብሎ ያልፋል። አንድ ጠብታ ይበቃል። የወጥ ዘይት አይደለም!

ቀጥሎ ኮንደንሰሩን (ከስላይዱ ሥር ብርሃን የሚሰበስበውን ሌንስ) እስከ ላይ አንሺው፣ ዲያፍራሙንም (የብርሃኑን መጠን የሚቆጣጠረውን ቀዳዳ) ክፈቺው። በ10 ስታዪ ዝቅ አድርገሽ እዚያው ትተሽው ይሆናል። ተማሪዎቼ ደጋግመው የሚረሱት ይሄንኑ ነው። ስላይዱ ተገልብጦ እንዳይሆንም እዪ። በ10 ተገልብጦም ይታያል፤ 100ው ግን መስታወቱን አልፎ ደሙ ጋ አይደርስም። ማስተካከል በትንሹ ብሎን ብቻ ነው። ትልቁን ከነካሽ ስላይዱ ቀጭ ይላል።

ከዘይት በኋላ ወደ 40 አትመለሺ፣ እሱ ደረቅ ሌንስ ነው፤ ዘይት መንካት የለበትም። ስትጨርሺ በሌንስ ወረቀት ጥረጊ። በጋወንሽ ጫፍ ከጠረግሽ ግን እንጣላለን።

መብራት ከጠፋስ? እኔ ሰበታ ነው የምሠራው፤ ለእንዲህ ያለው ጊዜ ብዬ በአምፖል ፈንታ ብርሃን የሚያንጸባርቅ መስታወት ያለውን አሮጌ ማይክሮስኮፕ አልጣልኩትም። መስኮት ዳር አስቀምጬ የመስታወቱን ጠፍጣፋ ገጽ ወደ ሰማይ አዞራለሁ። ወደ ፀሐይ እንዳታዞሪው ብቻ፣ ዓይንሽን ይጎዳል።