ልኩ በኪሎ አይገኝም

ጥያቄ፦ የ8 ዓመት ልጄ ለትኩረት ማጣት ሜቲልፌኒዴት ታዞለት ጠዋትና ቀን 5 ሚሊግራም ይወስዳል። ሳምንት ሞላው፤ ማታ ቤት ሳየው ግን ለውጥ የለውም። መድኃኒቱ አልሠራም ማለት ነው?
እናት፣ ከሜሪላንድ

መልስ፦ ለመፍረድ ገና ነው። 5 ሚሊግራም መነሻ ነው፤ ሐኪሙ አብዛኛውን ጊዜ የቀኑን መጠን በየሳምንቱ ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም እየጨመረ፣ በቀን ከ60 ሳያልፍ ልኩን ይፈልጋል። ክብደት ብዙ አይነግርም፤ ቀጭኑ ልጅ ከወፍራሙ የበለጠ ሊያስፈልገው ይችላል። ለአጭር ጊዜ የሚሠራው ክኒን የሚቆየው ከ3 እስከ 4 ሰዓት ስለሆነ ማታ ሲያዩት ለቆታል። ስለዚህ ክፍል ውስጥ እንዴት እንደሚውል መምህሩን ይጠይቁ። የወሰደበትን ሰዓት፣ የምግብ ፍላጎቱንና እንቅልፉን ይመዝግቡ፤ ክብደቱ፣ የደም ግፊቱና የልብ ምቱም በየቀጠሮው ይለካ። ቀኑን ሙሉ ፈዞ ዝም ካለ በዝቶበት ይሆናል፤ ሲለቀው ብቻ የሚነጫነጭ ከሆነ ግን ችግሩ መድኃኒቱን የሚወስድበት ሰዓት ላይ ሊሆን ይችላል። በራስዎ አይጨምሩ። የደረት ሕመም ካለው ወይም ራሱን ከሳተ ወዲያው ወደ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት።